የዘመቻ ስንቅና የባላገር ጎተራ

እሴይ ታናሹን ልጁን ዳዊትን ወደ ጦር ሰፈር በላከው ጊዜ ያስያዘው ጋሻና ጦር አልነበረም፤ ለወንድሞቹ የተቆላ እህልና ዐሥር እንጀራ፥ ለሻለቃቸውም ዐሥር አይብ ነበር እንጂ። ነቢዩ ኤልያስም ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ በደከመ ጊዜ መልአኩ ቀስቅሶ ያሳየው በፍም የተጋገረ እንጎቻና አንድ ማሰሮ ውሃ ነው። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የፍም እሳት አንድዶ፥ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ደቀ መዛሙርቱን ጠበቃቸው። ስለዚህ ከቤት ውጭ፥ ያለ ማድ ቤት የሚዘጋጅ ማዕድ በመጻሕፍት ዘንድ የተናቀ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ከዚሁ ጋራ የሚነበብ ሌላ ቃል አለ። ጭፍሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ፥ ማንንም እንዳይቀሙና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው አዘዛቸው። እነዚህ ሁለቱ ነገሮች፥ ማለት የጭፍራው ስንቅና የድኻው ንብረት፥ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ እንደ በሬና እንደ ቀንበር ተጣምረው የኖሩ ናቸው። ስንቁን ይዞ የዘመተ ወታደር የባላገሩን ጎተራ አይሰብርም፤ ስንቁ ያለቀበት ግን ጦርነቱን ከጠላት ጋራ ሳይጀምር ከገዛ ወገኑ ጋራ ይጀምራል። የጦር አለቆችና የነገሥታት ስም በታሪክ መጽሐፍ ተጽፎ ሲገኝ፥ የበሶው ስልቻና የሦስቱ ጉልቻ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ተዘንግቶ ቀርቷል።

ይህን ነገር ለማስተዋል ከጎጃም ይልቅ የሚመች አገር አይገኝም። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በአማኑኤል፥ በደምበጫ፥ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አልፎ ወደ ቡሬ የሚዘልቀው ጐዳና፥ በግራና በቀኙ ጤፍና ስንዴ፥ ዳጉሳና በቆሎ፥ ወደ ደጋው ከፍ ሲባል ደግሞ ገብስ የሚበቅልበት ምድር ነው። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬም የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ የጠገበ አገር ለነጋዴ የተመኘው ገበያ እንደሚሆን ሁሉ፥ ለሚያልፍ ጦርም ጎተራ ሆኖ ይታያል። ደምበጫም በዚሁ ጐዳና መካከል የምትገኝ ስለ ሆነች፥ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሠራዊት አይታ የምታሳልፍ ከተማ ናት።

አስቀድሞ ስንቅ ማለት ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ለሩቅ ዘመቻ የሚሰናዳ ምግብ ሦስት ነገር እንዲኖረው ይፈለጋል፤ ለመሸከም እንዲቀል፥ ሳይበላሽ እንዲቆይ፥ ለመብላትም ብዙ እሳትና ብዙ ዕቃ እንዳይሻ። እናቶቻችን ለዚህ ያገኙት ብልሃት አንድ ቃል ነው፤ ይኸውም እሳቱን ቤት ውስጥ ጨርሶ መውጣት ነው።

የመጀመሪያው በሶ ነው። ገብሱ በውሃ ይርሳል፥ ይታመሳል፥ በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው ይለቅቃል፥ ዳግመኛም ተቆልቶ ይፈጫል። ዱቄቱ አስቀድሞ የበሰለ ስለ ሆነ፥ መንገደኛው ከወንዝ ዳር ተቀምጦ በቅል ውሃ ቀድቶ በጨው ቢበጠብጠው መጠጥ፥ ውሃውን አሳንሶ ቢያሸው መብል ይሆንለታል። ማር ያለው በማር፥ ጾም ካልሆነም ቅቤ ያለው በቅቤ ያሸዋል። ሁለተኛው ዳቦ ቆሎ ነው፤ የስንዴ ሊጥ ከበርበሬና ከጨው ጋራ ታሽቶ፥ እንደ ሽምብራ ፍሬ ተቈርጦ በምጣድ ይቆላል፤ እርጥበት ስለማይቀርበት ብዙ ቀን ይቆያል። ሦስተኛው ድርቆሽ ነው፤ እንጀራ በፀሓይ ደርቆ ይሰባበርና በስልቻ ይታሰራል፥ በሰፈርም ውሃ ወይም ወጥ ሲነካው ተመልሶ እንጀራ ይሆናል። ከዚህ ጋራ ሽሮው፥ በርበሬው፥ ጨው በአሞሌው፥ በፍስክም ወራት በጨውና በበርበሬ ታሽቶ በገመድ ላይ የደረቀው ቋንጣ ይጨመራል። የቅርብ መንገድ የሚሄድ እንደ ሆነ በአገልግል የተቋጠረ እንጀራና ወጥ ይበቃዋል።

ስንቁ ካለቀ ወይም ዱቄት ብቻ ከተገኘ ደግሞ የሰፈር ጋገራ አለ። የሸክላ ምጣድ በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ ተራራ ለተራራ ሲሄድ መሰበሩ አይቀርም፤ ስለዚህ ጭፍራው ብርኩታን ያውቃል። ድቡልቡል ድንጋይ በእሳት ውስጥ ተጥሎ እስኪግል ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጠጠር ተደርጎ የተቦካው ሊጥ በድንጋዩ ዙሪያ ይጠቀለልና በፍሙ ዳር ይቀመጣል። ድንጋዩ ከውስጥ፥ ፍሙ ከውጭ ያበስሉታል፤ ሲበስልም ቅርፊቱ የጠነከረ፥ ውስጡ የለሰለሰ፥ መካከሉ ባዶ የሆነ ዳቦ ይወጣል። ድስት አይሻም፥ ምጣድም አይሻም፤ ዱቄት፥ ውሃ፥ እሳትና አንድ ድንጋይ ይበቁታል። ድንጋዩንም ሁሉ እንዲሁ አይመርጡትም፤ ከወንዝ ውስጥ የወጣ እርጥብ ድንጋይ በእሳት ሲግል ሊፈነዳ ይችላልና፥ ደረቅና ድፍን የሆነውን ይሻሉ። የኤልያስን እንጎቻ የሚያነብ ካህን ብርኩታን ቢያስብ ከትርጓሜው ብዙ አይርቅም።

ወጡም ቢሆን እንዲሁ ነው። ሦስት ድንጋይ ጉልቻ ሆኖ ከነፋስ በሚከለል ገደል ሥር ወይም በጥቂቱ በተቈፈረ ጉድጓድ ላይ ይተከላል፤ እንጨት በሌለበት ደጋ ኩበት ይነድዳል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ በዘመቻ ጊዜ ግን ጉልቻው በየቀኑ እየተለወጠ ወጡ ሳይበላሽ መቅረቡ፥ ጥፍጥናው ከድንጋዩ ሳይሆን ከባለሙያዋ እጅ መሆኑን ያስረዳል።

ይህ ሁሉ ብልሃት እያለ ሠራዊት ለምን ይዘርፍ ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ በቍጥር ይገኛል። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ቢበላ፥ መቶ ሺሕ ሰው በቀን 500 ኩንታል ይበላል። አንድ በቅሎ አንድ ኩንታል ያህል ብትጭን፥ ለዐሥር ቀን ስንቅ ብቻ 5,000 በቅሎ ያስፈልጋል፤ በቅሎዎቹም ራሳቸው ይበላሉ። እንግዲህ አንድ ጭፍራ ከቤቱ የያዘው ስንቅ የሚያደርሰው ለተወሰነ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር በንጉሡ ግምጃ ቤት ወይም በገበሬው ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ ለብዙ ዘመንም የወደቀው በገበሬው ትከሻ ላይ ነበር። ወታደር በባላገር ቤት ተሠርቶ ይቀመጣል፤ ገበሬው ያበላዋል፥ ያጠጣዋል፥ የበቅሎውንም ገፈራ ያቀርባል። በሰላም ለሚያልፈው ባለሥልጣንና እንግዳም ድርጎ ይወጣል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. በነገሡ ጊዜ ይህን ክፉ ልማድ ለማስቀረት አስበው ነበር። ወታደሩ ደመወዝ እንዲቈረጥለትና ገበሬውን እንዳይዘርፍ አዘዙ። ዘመኑን ለማመዛዘን ያህል፥ በዚያው በ1855 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር አሌክሲስ ሷዬ የተባለ ዝነኛ የወጥ ቤት ሹም በክሪሚያ ጦርነት ለነበሩት ለእንግሊዝ ወታደሮች በሜዳ ላይ የሚያገለግል ምድጃ ሠርቶ ወስዷል፤ ይህም ምድጃ ጥቂት እንጨት ፈጅቶ ለብዙ ሰው የሚያበስል ስለ ነበረ ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። የታላላቅ መንግሥታት ጦርም ቢሆን በዚያን ጊዜ ስለ ወታደሩ ምግብ ገና መማር የጀመረ መሆኑን ይህ ያሳያል። የቴዎድሮስ አሳብ ግን ሳይፈጸም ቀረ። አውራጃው ሁሉ እየሸፈተ የሚገዙት አገር በጠበበ ቍጥር የእህሉም ምንጭ ደረቀ፤ ሠራዊቱም በዘረፋ የሚኖር ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የወጣው የእንግሊዝ ጦር ግን ለእህሉና ለከብቱ በማርያ ትሬዛ ብር እየከፈለ ስላለፈ፥ በመንገዱ ያለው ገበሬ አልተዋጋውም፤ እንዲያውም ሸጠለት። የባዕድ ጦር እየገዛ ሲያልፍ የአገር ጦር እየዘረፈ መቅረቱ ለንጉሡ ምን ያህል መራራ ነገር እንደ ሆነ ለአንባቢ የተሰወረ አይደለም።

ጎጃምም የዚህን ጽዋ ቀምሳለች። በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ዮሐንስ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋራ በተጣሉ ጊዜ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ጎጃም ገቡ፤ አገሩም እጅግ ተዘረፈ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ንጉሠ ነገሥቱ በመተማ ወደቁ። ወዲያውም የከብት በሽታ ገብቶ የእርሻው በሬ አለቀ፤ ዝናቡ ጐደለ፥ አንበጣና ተምችም ወረደ፤ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሰየመው ረኀብ ሆነ። የበሽታው ምክንያት ሌላ ቢሆንም፥ ጎተራው አስቀድሞ የተራቈተበት ገበሬ ክፉውን ቀን የሚሻገርበት ድልድይ አልነበረውም። ከዚህ በኋላ ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ገበሬው ዐሥራት እህል እንዲያወጣና ወታደር በቤቱ እንዳይሠራበት ሥርዐት አወጡ። ሥርዐቱ በሁሉ ስፍራ እኩል ባይጸናም፥ የወታደሩ ምግብ ከገበሬው ማጀት ወጥቶ ወደ መንግሥት ጎተራ እንዲገባ የተጀመረበት እርምጃ ነው።

የዐድዋም ዘመቻ የተመዘነው በዚሁ ሚዛን ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ መቶ ሺሕ የሚገመት ሠራዊት ከየአገሩ ሲከት፥ ከጎጃምም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጭፍራቸውን ይዘው ወጡ። ከጭፍራው ጋራም ቍጥራቸው ያልተጻፈ ሴቶች ተጓዙ፤ እህል ፈጭተው፥ ውሃ ቀድተው፥ እንጨት ለቅመው፥ ጋግረውና ጠምቀው ሠራዊቱን ያኖሩት እነርሱ ናቸው። ወታደሩ ሰፈር ሲደርስ ያርፋል፤ ለእነርሱ ግን የቀኑ ሥራ የሚጀመረው ሰፈር ሲደርሱ ነው። ወፍጮው በሌሊት ይሰማል፤ ጎሕ ሲቀድም ስንቁ ታስሮ ይጠብቃል። እቴጌ ጣይቱም በመቀሌ ምሽግ ላይ ያሰቡት ብልሃት የማዕድ ብልሃት ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም፤ ምሽጉን በመድፍ ከመስበር ይልቅ የውሃውን ምንጭ በመያዝ ጠላትን አስጨንቀውታልና።

በየካቲት ወር በሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀ ሄደ። የኢጣልያው ጄኔራል ባራቲዬሪ የካቲት 21 ቀን ሹማምንቱን ሰብስቦ ሲማከር፥ የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀን ብቻ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስን ቢያነሣም ሹማምንቱ እንዋጋ አሉት። በኢትዮጵያም ሰፈር እህል ተወድዶ፥ ሠራዊቱ ከዚያ በላይ በአንድ ስፍራ ሊቆይ የማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር። እንግዲህ የካቲት 23 ቀን የሆነው ድል፥ የጀግንነት ድል መሆኑ ሳይነካ፥ ጥቂት ቀን በቆየ ስልቻም ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ወሩም የዐቢይ ጾም ወር፥ ዕለቱም እሑድ ነበር። በሶና ቆሎ፥ ሽሮና ቂጣ የጾም ምግብም የዘመቻም ምግብ መሆናቸው፥ ቤተ ክርስቲያን ልጆችዋን በጥቂት ነገር መኖርን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያስተማረች መሆኗን ያሳያል።

በዚህ ላይ ካህናት የማይዘነጉት አንድ ነገር አለ። ታቦት ከሠራዊቱ ጋራ ሲወጣ በድንኳን ይቀደሳል፤ ቅዳሴ ካለ ደግሞ ኅብስት አለ። ኅብስቱም ከንጹሕ ስንዴ፥ በዕለቱ ትኩስ ሆኖ የሚጋገር ስለ ሆነ፥ ከሰፈሩ እሳት ሁሉ ተለይቶ የተከበረ እሳት ነበር ማለት ነው። ምሰሶና ጕልላት ያለው ቤተ ልሔም በሌለበት ሜዳ ዲያቆኑ ሥርዐቱን ሳያጐድል መጋገሩ፥ የቦታ ማነስ የክብር ማነስ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

ከዐድዋ አርባ ዓመት በኋላ ጠላት ተመልሶ በመጣ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። የጎጃም አርበኛ ድንኳን ተክሎ፥ ነጋሪት አስመትቶ የሚሰፍርበት ዘመን አልነበረም። የሰማዩ አውሮፕላን ቀን ጢስ ያያል፥ ሌሊት ነበልባል ያያል። ስለዚህ በሶ፥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከጥይት እኩል የሚቈጠሩ ሆኑ፤ እሳት የማይሻ ምግብ ያለው አርበኛ ቦታው አይታወቅበትም። ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ጎጃም በሰፊው በሸፈተ ጊዜ፥ እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፥ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፥ እነ ልጅ ኃይሉ በለውና እነ በላይ ዘለቀ የያዙት ጦር መንግሥት የሚሰፍርለት ቀለብ አልነበረውም። የሚያበላው ባላገሩ ነበር። የቀድሞው ገበሬ ተገዶ ያበላ እንደ ነበረ ሁሉ የዚህ ዘመን ገበሬ ግን በውዴታ አበላ፤ ለአርበኛ እንጀራ ሰጠህ ተብሎ ቤቱ እንደሚቃጠል እያወቀ። እዚህ ላይ ግን እውነቱን ሁሉ መናገር ያሻል፤ የሚሰጥ ሁሉ በውዴታ ብቻ የሰጠ አይደለም፤ አርበኛም ጠላትም በየተራ የሚመጡበት ቤት ልጆቹ የሚበሉትን ያጣበት ቀን አልጠፋም። ያንን ሸክም የተሸከሙት ሰዎች ኒሻን ሳይቀበሉ ያለፉ ናቸው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ወደ ጎጃም ሲገቡ ስንቁ በግመል ተጭኖ ነበር። ግመሎቹ ወደ 15,000 ይደርሱ ነበር ይባላል፤ ነገር ግን የቆላ እንስሳ በመሆናቸው ዳገቱና የደጋው ብርድ አልሆነላቸውም፤ ከጥቂቶቹ በቀር በየመንገዱ አለቁ። ጠላት የካቲት 25 ቀን ከቡሬ ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ፥ የካቲት 27 ቀን ከደምበጫ አጠገብ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ከእርሱ እጅግ በሚበዛ ጦር ላይ ቆሞ ተዋጋ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ቀን ስለ ነበረ፥ የደምበጫው ውጊያ በቅድስት ሳምንት ውስጥ የዋለ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡትም መጋቢት 28 ቀን፥ በኒቆዲሞስ እሑድ ነው። ስለዚህ ያ መንገድ ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ የተጠናቀቀው በጾም ወር ነው፤ ግመሉ ካለቀ በኋላም ጦሩን ያራመደው የጎጃም በቅሎና አህያ፥ የጎጃምም እህል ነው።

የሌላው ዓለም ታሪክም ከዚህ አይለይም። በቲቤት ተራራ የሚኖሩ ሰዎች የተቆላ ገብስ ፈጭተው ጻምፓ ብለው በሻይና በቅቤ ያሹታል፤ ከጎጃም በሶ ጋራ ምንም ያልተገናኙ ሲሆኑ፥ ደጋና ገብስ አንድ ብልሃት አስተማሯቸው። የሮም ጭፍራም ሁለት ጊዜ የተጋገረ ደረቅ ዳቦ ይሸከም ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት ለጦሩ ምግብ ሳይበላሽ የሚቆይበትን ብልሃት ለሚያገኝ ሰው 12,000 ፍራንክ ሽልማት ቢያቀርብ፥ ኒኮላ አፔር ምግብን በጠርሙስ አሽጎ በፈላ ውሃ በመቀቀል በ1810 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሽልማቱን ተቀበለ፤ ዛሬ በየሱቁ የሚታየው የቆርቆሮ ምግብ ሁሉ የዚያ ፍሬ ነው። የእኛዎቹ የበሶና የድርቆሽ ባለሙያዎች ስማቸው አልተጻፈም፥ ሽልማትም አልተቀበሉም፤ ሥራቸው ግን አገር አድኗል።

ዛሬም በበሶ የሚሄድ አልጠፋም። ወደ ግሸንና ወደ ላሊበላ የሚወርደው ተሳላሚ ይቋጥረዋል፤ በዋሸራና በዲማ ቅኔ ሲቈጥር የኖረው የቆሎ ተማሪም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ደረቅ ምግብ ነው። እነዚህ ሁሉ በሜዳ ላይ፥ በዛፍ ሥርና በዋሻ ሲመገቡ ማዕዳቸው ያልተሟላ ማዕድ አይባልም። የተሟላ ማድ ቤት ኖሮት የሌላውን ጎተራ ከሚያራቍት ሰው ይልቅ፥ በሦስት ድንጋይ ላይ የራሱን ጥቂት እህል አብስሎ የሚባርክ ሰው የተሻለ ማዕድ አለው። በደምበጫ ጐዳና ያለፈው ሠራዊት ሁሉ ከኋላው ሁለት ዐይነት አመድ ትቶ ሄዷል፤ አንዱ የጉልቻ አመድ ነው፥ ሁለተኛው የተቃጠለ ቤት አመድ ነው። የመጀመሪያውን ክረምት ያጥበዋል። ሁለተኛውን ግን የልጅ ልጅ ያስታውሰዋል።